«ዱላው ይመለስ» ላሉት የካራቴ መምህር

ሰሞኑን ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። የጻፉት ካራቴ በማስተማር ብዙ ዓመት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የዛሬ ሰልጣኝ ለዶጆ፣ ለማሰልጠኛው ቤት፣ አይመጥንም ይላሉ። ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ «እውነታቸውን ነው» እያልኩ ጨረስኩት። በሁለተኛው ግን ከፋኝ። ስለከፋኝም ይህን ጻፍኩ።

ላላነበባችሁት ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የድሮ ሰልጣኝ ታጋሽ ነበር፤ የዛሬው በሦስት ወሩ ያቋርጣል። ዓይኑ ቀበቶ ላይ ነው። ጥያቄ ያበዛል። ካታ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራው የእንቅስቃሴ ልምምድ፣ ይሰለቸዋል፤ ፍልሚያ ብቻ ይፈልጋል። ዛሬ አንዱ ዶጆ፣ ነገ ሌላው ዶጆ ይላል። ያረፍዳል፣ ስልኩን አያስቀምጥም። መድኃኒቱስ? ቁጣና ዱላ። ጃፓኖች ያን ሁሉ ታላቅ ሰው ያፈሩት በዱላ ነው፣ እኛም ዱላውን እንመልሰው ይላሉ።

እኔ ካራቴ የጀመርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ ጀማሪዎችን አግዛለሁ። ጸሐፊው የሚያዩትን እኔም አየዋለሁ። የማልስማማው ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሰልጣኝ አብዛኛውን መጥፎ ልማድ ከቤቱ ይዞት አይመጣም። እኛ ጋ ነው የሚለምደው። ታላላቆቹ ሲያደርጉ ያየውን ያደርጋል። እንግዲህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የመጀመሪያው ክሳቸው ማቋረጥ ነው። የድሮ ሰው ከጀመረ አይተውም ነበር ይላሉ።

ጂጎሮ ካኖ ጁዶን፣ ሌላውን የጃፓን የትግል ጥበብ፣ የመሠረተው በ1882 ነው። ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ልምምዱ የተጀመረው እዚያ፣ አሥራ ሁለት ታታሚ በምትሆን ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ታታሚ አንድ ሰው የሚያስተኛ የገለባ ምንጣፍ ነውና የክፍሏን ጥበት አስቡት። ኮዶካን የሚባለው የካኖ ትምህርት ቤት የተወለደው በዚያች ክፍል ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካኖ አዲስ ገቢ ሁሉ ቃለ መሐላ እንዲፈርም አደረገ። ማኅተሙ ደም ነበር። አምስት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያው አንቀጽ «ያለ በቂ ምክንያት ልምምዴን አላቋርጥም» የሚል ሐሳብ ነው የያዘው። ሚስጥር ስለመጠበቅ የሚናገረው እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ማንም የማያቋርጥ ቢሆን ኖሮ ይህን መጀመሪያ ላይ ማስፈር ለምን አስፈለገ? የሳሙራይ ልጆች ገና ከተማውን በሞሉበት ዘመን፣ በቶኪዮ መሃል፣ ሰልጣኝ ያቋርጥ ነበር። ካኖም ያውቅ ነበር።

ጸሐፊው የሚያስታውሱት አብረዋቸው የቆዩትን ነው። ይህ ያለ ነው። እኔም አብረውኝ የጀመሩትን ሳስብ ቶሎ ፊቴ ላይ የሚመጡት እስከ ጥቁር ቀበቶ አብረን የዘለቅነው አራት ልጆች ናቸው። ግን የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶ አለኝ። ፎቶው ላይ ሰላሳ አንድ ሰው ቆሟል። የአብዛኞቹን ስም ረስቻለሁ። የሄደን ሰው ስለማናስታውስ ድሮ ማንም የሄደ አይመስለንም።

ወደ ቀበቶ ልለፍ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ቀበቶ የሚያሳድድ ሰልጣኝ አለ፣ አልክድም። ጥያቄዬ ማን አስተማረው የሚል ነው።

በጥንቶቹ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ባለቀለም ቀበቶ አልነበረም። ተማሪው ዓመታት ይቆይና የብቃት ጥቅልል ይሰጠዋል። ካኖ በአንዱ ጥቅልልና በሌላው መሃል ያለው ጊዜ በጣም ይረዝማል፣ የተማሪውን ልብ ያዝላል ብሎ አሰበ። በ1883 ዳን የሚባለውን ደረጃ ጀመረ። ካራቴ ዳንን የወሰደው ከጁዶ ነው፤ ታላቁ የካራቴ መምህር ጊቺን ፉናኮሺ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ቀበቶዎች የሰጠው በ1924 ነው። ቢጫው፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴው የገነኑት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ ፓሪስ ጁዶ ያስተምር የነበረው ካዋይሺ ነው ያስፋፋቸው። ሁሉም ያደረጉት ሰልጣኙን ለማበረታታት ነው። በዚህ አልወቅሳቸውም።

ነገሩ የሚበላሸው ቀበቶ ገቢ ሲሆን ነው። በየሦስት ወሩ ፈተና። ለየፈተናው ክፍያ። ወዳቂ የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ፈተና ለማየት ተጋብዤ ሄጄ አውቃለሁ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ካታውን መሃል ላይ ጠፋበት። ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፈታኙ «ጎበዝ፣ አልፈሃል» አለው። አዲሱን ቀበቶ ሲያስሩለት ልጁ ወለሉን ነበር የሚያየው። ማለፍ እንዳልነበረበት እሱ ራሱ ያውቃል። ነገ ይህ ልጅ «የሚቀጥለው ቀበቶዬ መቼ ነው?» ቢል ባለጌ ልንለው ነው? ያስተማርነውን እኮ ነው የሚደግመው።

ከዚህ ጋር የኬንዶን፣ የጃፓኖችን የሰይፍ ጥበብ፣ የስምንተኛ ዳን ፈተና አስተያዩት። ተፈታኙ ቢያንስ 46 ዓመት መሙላት አለበት። ከሰባተኛው ዳን በኋላ አሥር ዓመት መቆየት አለበት። ከመቶ ሰው የሚያልፈው አንድ ገደማ ነው። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ አዛውንቶች ይፈተናሉ፣ ይወድቃሉ፣ እጅ ነስተው ይወጣሉ። በሚቀጥለው ዙር ተመልሰው ይመጣሉ። ወጣቱ እነሱን እያየ ነው የሚያድገው። መውደቅ እንደማያሳፍር የሚገባው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ክስ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ያስከፋኝ ይሄ ነው። ጸሐፊው መልካም ሰልጣኝ አይጠይቅም ባይ ናቸው። በጃፓን ባህል ሴንሴይን፣ መምህርን ማለት ነው፣ «ለምን» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ይላሉ።

ካኖ ጎረምሳ እያለ መጀመሪያ ጁጁትሱ የሚባለውን የቆየ የጃፓን ትግል የተማረው ሃቺኖሱኬ ፉኩዳ ከሚባሉ መምህር ነው። አንድ ቀን ፉኩዳ አንስተው ጣሉት። ካኖ ተነሳና እጁን እንዴት፣ እግሩን እንዴት ማድረግ እንዳለበት ጠየቀ። ፉኩዳ ና አሉና ደግመው ጣሉት። አሁንም ጠየቀ። አሁንም ጣሉት። ደጋግመህ ስትወድቅ ነው የሚገባህ፣ በጥያቄ አይደለም አሉት። ታሪኩን ያቆየልን ራሱ ካኖ ነው። ጸሐፊው ለሐሳባቸው ማስረጃ ይሆነኛል ሊሉ ይችላሉ።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ካኖ መጠየቁን አልተወም። ፉኩዳ ሲሞቱ ሌላ መምህር ፈለገ። እኚያም ሲሞቱ ኢኩቦ ወደሚባሉ የኪቶ ትምህርት ቤት መምህር ሄደ። ለምን አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው አይወድቅም የሚለውን ሌት ተቀን ያጠና ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከኢኩቦ ጋር ሲለማመዱ መምህሩን ደጋግሞ ጣላቸው። እስከዚያ ቀን ጣዩ እሳቸው ነበሩ። ምን አግኝተህ ነው አሉት። ሰውን ከመጣል በፊት ሚዛኑን ማሳት እንደሚያስፈልግ እንደደረሰበት አስረዳቸው። ኢኩቦ አልተቆጡም። ከእንግዲህ እኔ የማስተምርህ የለኝም፣ ከወጣቶቹ ጋር እያጠናህ ቀጥል አሉት። ዛሬ ጁዶ የሚጀምር ሰው ሁሉ ኩዙሺ የሚባለውን ሚዛን ማሳት ይማራል። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ልጅ «ለምን» ማለቱን ስላልተወ ነው።

ሌላም አለ። ካኖ የጁዶን ትምህርት በአራት መንገድ ከፍሎታል። አንዱ ካታ ነው። ሁለተኛው ራንዶሪ የሚባለው ነፃ ልምምድ ነው። ሦስተኛው ገለጻ ነው። አራተኛው ሞንዶ ነው። ሞንዶ ማለት ጥያቄና መልስ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር መጠየቅ ከትምህርቱ አራት ምሰሶዎች አንዱ ነበር። እኛም «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በቅኔ ቤት እንኳ፣ ያን ያህል መምህር በሚከበርበት ቦታ፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ይሳሳታል፣ ይታረማል። አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ተማሪ ባለቅኔ አይሆንም።

የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አዲስ ሰልጣኝ መጣች። ቡጢ እያስተማርናት ነው። አንዱ እጅ ሲመታ ሌላው ወደ ወገብ ይሳባል፤ ሂኪቴ ይባላል። «ይሄኛውን እጅ ለምን ወገቤ ላይ አደርገዋለሁ? ፊቴ ባዶ አይሆንም?» አለች። አንዱ ታላቅ ሰልጣኝ «ዝም ብለሽ ሥሪ» አላት። ልምምዱ ካለቀ በኋላ እኔ ጋ መጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስንት ዓመት የሠራሁትን ነገር ምክንያቱን አላውቀውም! ደነገጥኩ።

በማግስቱ መምህሬ ጋ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ምንም አልተናገሩም። «ምታኝ» አሉ። እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ያዙና ወደ ወገባቸው ሳቡት። ተንገዳግጄ ወደፊት ሄድኩ። የሌላው እጃቸው ቡጢ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ባዶ እጅ አይደለም የምትስበው፤ ሰው ይዘህ ነው» አሉኝ። ያን ማታ ለልጅቷ አሳየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡጢዋ ተቀየረ። የእኔም ተቀየረ።

አዎ፣ ላብ ላለማውጣት የሚጠየቅ ጥያቄም አለ። ሃያ ጊዜ ሥራ ሲባል ሁለት ሠርቶ «ግን እኮ በውጊያ ላይ...» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ላለው ሰው የፉኩዳ መልስ ትክክል ነው፦ ና፣ እንሥራው። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ጠይቅ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ አትጠይቅ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ካታ ብዙ አልከራከርም። ሰልጣኙ ካታ ይሸሻል፣ እውነት ነው። ፉናኮሺ ሦስቱን የናይሀንቺ ካታዎች ለመማር አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። ሌሊት ሌሊት በመምህሩ በአዛቶ ግቢ ያንኑ ካታ ይደጋግም ነበር። ያን ትዕግስት ሳስብ እኔም አፍራለሁ። ነገር ግን ፉናኮሺ በተማረባት በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ፣ ሌላው መምህሩ ኢቶሱ ካራቴን በ1901 ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ረጃጅሞቹ ካታዎች ለልጆች እንደማይሆኑ አዩ። ፒናን የተባሉትን አምስት አጫጭር ካታዎች አዘጋጁ። ልጆቹን ሰነፎች ናችሁ አላሏቸውም። ለሚያስተምሩት ሰው የሚሆን መንገድ ፈለጉ። ዛሬ እነዚያው ካታዎች ሄይያን በሚል ስም በየከተማው ይሠራሉ። አንድ እንቅስቃሴ ለምን እንደሚሠራ ሳይነገረው፣ ጓደኛ ሳይዝበት፣ አየር እየመታ ዓመት የሚቆይ ልጅ ቢሰለቸው አልፈርድበትም።

ዶጆ መቀያየር ክህደት ነው የሚለውን ታሪኩ ራሱ አይደግፈውም። ካኖ ሦስት መምህራን ነበሩት፣ ከሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች። ፉናኮሺ አዛቶም ኢቶሱም አስተምረውታል። ሁለቱ አልተቀናኑበትም፤ እንዲያውም ከሌሎች መምህራን ጋር አስተዋውቀውታል። ካኖ በ1930 የሞሪሄይ ኡዬሺባን ጥበብ፣ ኋላ አይኪዶ የተባለውን፣ ሄዶ አየ። ተደነቀ። የራሱን ጎበዝ ሰልጣኝ ሚኖሩ ሞቺዙኪን ሄደህ ከእሳቸው ተማር ብሎ ላከው። የጁዶ አባት ተማሪውን በገዛ እጁ ወደ ሌላ ቤት ልኳል። ሳይናገሩ መጥፋት ግን ጥሩ አይደለም። ቢያንስ መምህርን ማመስገን፣ መሰናበት ይገባል። የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ስልክና ማርፈድ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ጥፍር ሳይቆርጡ መምጣትን፣ ያልታጠበ ልብስ ለብሶ ጓደኛ ማቀፍንም ልጨምርላቸው።

አንድ ነገር ብቻ እዚህ ላይ። በጃፓን ዶጆ ውስጥ ከልምምድ በፊት ወይም በኋላ ወለል ይጠረጋል። ሰልጣኞቹ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሁለት እጃቸውን ይጭናሉ፣ ወገባቸውን ከፍ አድርገው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየገፉ ይሮጣሉ። ጸሐፊው የዛሬ ልጅ ጨርቅ አያነሳም ብለዋል። የእኔ መምህር በሕይወታቸው አንድ ቀን «ጥረጉ» ብለውን አያውቁም። ጨርቁን መጀመሪያ የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸውን ባመማቸው ሰሞን እንኳ እያነከሱ ሄደው ባልዲውን አመጡ። አሥራ ሁለት ወጣቶች ተሽቀዳድመን ከእጃቸው ስንነጥቅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ባልዲው ጋ ቀድሟቸው የማይደርስ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዱላው። ጸሐፊው ጃፓኖች በዱላ አሳደጉ ይላሉ። መምታት ነበር፣ አዎ። ግን ራሳቸው ጃፓኖች ስለዚያ ምን እንዳሉ አልጠቀሱም።

በ2012 መጨረሻ አሥራ አምስት ሴት የጁዶ ስፖርተኞች ለጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፉ። ተራ ሰልጣኞች አይደሉም፤ በአገሪቱ ምርጥ የተባሉ ናቸው። አሰልጣኞቻቸው በጥፊ እንደሚመቷቸው፣ በቀርከሃ ሰይፍ እንደሚገርፏቸው፣ እንደሚሰድቧቸው ጻፉ። ነገሩ በጃንዋሪ 2013 አደባባይ ወጣ። ዋናው አሰልጣኝ ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የጃፓን ስፖርት ተቋማት በአንድነት ሆነው ዱላን ከስፖርት ለማጥፋት ቃል ገቡ። እነዚህ ሴቶች ጸሐፊው የሚመኟቸው ዓይነት ሰልጣኞች ነበሩ። ጎህ ሲቀድ የሚነሱ፣ የማያቋርጡ፣ ዝም ብለው የሚታዘዙ። ዝምታቸው ሲመቱ እንዲኖሩ አደረጋቸው። የዳኑት ተባብረው አንድ ቀን ስለተናገሩ ነው።

ሌላው በ2022 የሆነው ነው። የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ የግል ውድድር ሰረዘው። ምክንያቱ ሕፃናቱ ሰነፉ አይደለም። አዋቂዎቹ ለድል ሲሉ ከልክ ስላለፉ ነው። ልጆች ክብደት እንዲቀንሱ ይገደዳሉ። አሰልጣኝና ወላጅ ከዳር ሆነው ይጮሁባቸዋል፣ ዳኛውን ይሰድባሉ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን ሲፈልግ ያገኘው ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ከምንጣፉ ዳር ከቆሙት ዘንድ ነው።

የጃፓን ቡዶ ማኅበር በ1987 ያወጣው ቻርተር አለ፤ ቡዶ የጃፓን ማርሻል አርቶች የጋራ ስም ነው። አጭር ነው። ዶጆው ንጹሕ፣ ጸጥ ያለና ከአደጋ የተጠበቀ ይሁን ይላል። ስለ አስተማሪ የሚናገረው አንቀጽ ደግሞ አስተማሪው የራሱን ባሕርይና ችሎታ ማሳደጉን እንዳያቆም ያዛል። ዱላ የሚል ቃል የለበትም።

እስካሁን የጻፍኩት ላሉት ነገር ነው። አሁን ስላላሉት ነገር ልናገር፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ልምምድ ጓደኛ አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

በጃፓን ማርሻል አርት ብቻህን የምትማረው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ገላውን ያበድርሃል። ክንዱን ይሰጥሃል ትጠመዝዘዋለህ። ይቆምልሃል ትጥለዋለህ። ከዚያ ደግሞ ተራው ይሆናል። ሰላምታ የምንሰጣጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሰልጣኝ ጠባይ የሚለካው በዝምታው ይሁን? ሰዓት በማክበሩ? እኔ የማየው በእጁ ላይ የወደቀው ሰው እንዴት እንደተነሳ ነው።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ከ1983 ጀምሮ በነበሩት ሠላሳ ያህል ዓመታት በጁዶ ልምምድ የሞቱ ልጆች ከ110 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ጀማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ የሞቱት በጭንቅላት ጉዳት ነው። በተለይ ኦሶቶጋሪ የሚባለው፣ እግርን ከኋላ ጠርጎ በጀርባ የሚጥለው አጣጣል፣ አወዳደቅ ላልለመደ ልጅ አደገኛ ነው። አወዳደቅ ኡኬሚ ይባላል። አገጭን ወደ ደረት መሳብ፣ በክንድ መሬቱን መምታት፣ ጭንቅላትን ማዳን። ለማየት ያሰለቻል። ግን ቀድሞ መማር ያለበት እሱ ነው። በ2012 ቡዶ በጃፓን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሲሆን ወላጆች በጣም የሰጉት በዚህ ምክንያት ነበር።

በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 23፣ በቡዶካን አዳራሽ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን አሸነፈ። ጃፓኖች በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጥበባቸው ተሸነፉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሁለት ሆላንዳውያን በደስታ ሊያቅፉት ወደ ታታሚው ሮጡ። ጌሲንክ ገና ከተሸናፊው ላይ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ አቁሙ አላቸው። ጃፓኖች እስከ ዛሬ የሚያነሱት ያንን እጅ ነው። በኬንዶ ደግሞ ነጥብ አግኝቶ በደስታ የሚጨፍር ሰው ነጥቡን ሊነጠቅ ይችላል። የተመታው ሰው እዚያው ፊቱ ቆሟልና።

እኔ ካየሁት ሁሉ ከባዱ መጥፎ ልማድ የታየው በዶጆው በጣም «ጨዋ» በተባለ ልጅ ላይ ነው። ቡናማ ቀበቶ ነበር። አንድ ቀን አያረፍድም። ጎንበስ ሲል ግንባሩ ጉልበቱ ሊደርስ ይደርሳል። ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። የጸሐፊው መለኪያ ቢሆን አንደኛ ይወጣ ነበር። አንድ ማታ ከጀመረ ሁለት ወር ከሞላው ልጅ ጋር ለኩሚቴ፣ ለፍልሚያ ልምምድ፣ አቆሙት። ልጁ ኡኬሚ አልተማረም፤ ካራቴ ነው የምናስተምረው ብለን ትተነው ነበር። ቡናማው ቀበቶ አሺ ባራይ በሚባለው የእግር ጠረጋ ሁለቱንም እግሮቹን ጠረጋቸው። ልጁ በትከሻው ወደቀ። ከሥር ሲሚንቶ ነው፣ ምንጣፉ ስስ ነው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በጊዜው ያስተምረን የነበረው ሰው «ጥሩ ጠረግከው!» አለ። ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን አልተናገርኩም።

አሁን ጀማሪዎቼ የመጀመሪያውን ወር የሚያሳልፉት በመውደቅ ነው። አንዳንዱ ይሰለቸዋል። ምክንያቱን እነግረዋለሁ።

ያን ልጅ ከብዙ ወራት በኋላ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። ትከሻህ እንዴት ነው አልኩት። «እሱ ድኗል» አለኝ። ትንሽ ዝም አለ። «የቀረሁት በትከሻው አልነበረም። ስትስቁ ሰምቻችሁ ነው።» አሁን ሌላ ሰፈር ካራቴ ይሠራል። ጥሩ ቦታ ነው አለኝ፣ መጀመሪያ መውደቅ አስተማሩኝ።

የኛ መዝገብ ላይ ስሙ አሁንም አለ። ከፊት ለፊቱ «አቋርጧል» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።